ልጄን «ስዎት» አሉት፦ ላብ እንዴት ስድብ ሆነ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። የ12 ዓመት ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ምን ሆንክ ስለው ‹ስዎት እያሉኝ ነው› አለ። እኔ ይህን ቃል የማውቀው አዲስ አበባ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፤ ዕቅድ ሲወጣ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት እያልን የምንሞላው ሠንጠረዥ። አሜሪካ ያለው ወንድሜን ብጠይቀው ‹ዝንብ መምታት ማለት ነው› አለኝ። ግራ የገባኝ ደግሞ የልጁ አስተማሪ ራሷ በላከችልኝ መልእክት ላይ ከፈተናው በፊት ‹ስዎት አፕ› ቢያደርግ ጥሩ ነው ብላለች። ቃሉ ከየት የመጣ ነው? ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ? ትምህርት ቤት ሄጄ ልናገር?»

ምላሽ፦ ሦስት ቃላት ተደባልቀውብዎታል። በጆሮ ሲሰሙ አንድ ናቸው፤ ዘራቸው ግን አይገናኝም።

የመሥሪያ ቤቱ ስዎት ምሕፃረ ቃል ነው። የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የወጣ ስም ነው። የተለመደውም በ1960ዎቹና 70ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ በኩባንያ ዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ልጅዎ የተጠራበት ስዎት ግን በ1850 ታትሞ ይገኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ይበልጠዋል። የልጅ ልጅ አያቱን አይወልድም።

ወንድምዎ የነገሩዎት ዝንብ መምታት ደግሞ ሌላ ቃል ነው። ሲጻፍ በ«ኦ» ፋንታ «ኤ» አለው። እንግሊዞች ሁለቱንም አንድ አድርገው ስለሚጠሩ በጆሮ አይለዩም። ፊልም ላይ የምናያቸው ጥቁር የለበሱ የአሜሪካ ልዩ ፖሊሶች ስምም በዚያው በ«ኤ» የሚጻፍ ምሕፃረ ቃል ነው፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር ምንም አያገናኘውም። በወንድምዎ አይፍረዱ። የተማሪው ስዎት የእንግሊዝና የእንግሊዝ ልማድ የዘለቀባቸው አገሮች ቃል ነው። አሜሪካ የኖረ ሰው በዕድሜው ሁሉ አንዴ እንኳ ላይሰማው ይችላል። እነሱ ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ «ነርድ» ይላሉ፤ ዱሮ ደግሞ በኮሌጆቻቸው «ግራይንድ» ይሉት ነበር፤ መፍጨት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ «ስዎት ማለት የእነዚህ አራት ቃላት ምሕፃር ነው» የሚሉ ማብራሪያዎች ሞልተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ከፈተና በፊት ያለችውን ትምህርት የሌለባት ሳምንት «ስዎትቫክ» ይሏታል። «ያለ አስተማሪ ማጥኛ» የሚል ፍቺ ያላቸው ቃላት ፈልገው ለጥፈውላታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስዎት የሚለው የድሮ ቃልና «ዕረፍት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር አጠራር ተጋጠሙ፤ ማብራሪያው በኋላ የተፈለሰፈ ነው። በጠቅላላው፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበረ የእንግሊዝኛ ቃል ከምሕፃር መጣ ሲሉዎት ቶሎ አይመኑ። ፊደል ገጣጥሞ እንደ ቃል መጥራት የሰለጠነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ከላብ።

ላብ በእንግሊዝኛ «ስዌት» ነው። በየአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ቃሉን በየራሳቸው አፍ ይጠሩት ነበር፤ ከእነዚህ አጠራሮች አንዱ ስዎት ሆነ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በዚህ ይስማማሉ። ስለዚህ ስዎት ማለት በጥሬው «ማላብ» ነው፤ ሰውየው ደግሞ «ላብተኛ»።

ማን ጀመረው ሲባል ግን ታሪክ አለ። ታሪኩም ከሳንድኸርስት የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በለንደን የወጣ የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንደሚለው፣ እዚያ የሚያስተምሩ ዶክተር ዋላስ የሚባሉ ስኮትላንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ላብን በስኮትላንድ አፋቸው ስዎት ብለው ጠሩት። ተማሪዎቹ ደግሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ቃሉን ቀለብ አደረጉትና የመምህሩን ትምህርት ራሱን ስዎት አሉት።

ዋላስ የፈጠራ ሰው አይደሉም። ዊልያም ዋላስ በ1768 ስኮትላንድ ውስጥ ዳይሰርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ገብተው ሙያ ሲማሩ ሒሳብን በራሳቸው ጊዜ ከመጻሕፍት ተማሩ። በ1803 በወታደራዊ ኮሌጁ ተቀጠሩ፤ ኮሌጁ በ1812 ወደ ሳንድኸርስት ሲዛወርም አብረው ሄዱ። በ1819 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። አንድ አሳዛኝ ነገር ልጨምር። ጂኦሜትሪ ውስጥ «የሲምሰን መስመር» የሚባል ነገር አለ። ያገኙት ሲምሰን አይደሉም፤ በ1799 ያሳተሙት ዋላስ ናቸው። መስመሩ በሌላ ሰው ስም ተጠራ፤ ለእሳቸው የተረፋቸው የስድብ ቃል አባት መባል ነው።

ይህን ታሪክ እንዴት እንያዘው? ሁለት ነገር ለይተው ይያዙ። ቃሉ ከላብ መምጣቱ የጸና ነው። ከዋላስ አፍ ወጣ የሚለው ግን ሰውየው ካለፉ በኋላ የተጻፈ ወሬ ነው። ሐሰት ነው ብዬ አልጥለውም። ምክንያቱም በ1850 አንድ የለንደን የጥያቄና መልስ መጽሔት ላይ የጻፈ ሰው፣ ወታደሮች ሒሳብን ስዎት እንደሚሉና በሒሳብ የላቀውን «ጥሩ ስዎት» እንደሚሉት ይናገራል። ጦሩም ትምህርቱም ገጠመ። ነገር ግን አንድን ቃል አንድ ሰው ፈጠረው የሚል ተረክ ሁሉ ይጣፍጣል፤ የሚጣፍጥ ነገር ደግሞ ሳይመረመር ይዋጣል። ለልጅዎ ሲነግሩት «ይባላል» ብለው ይንገሩት።

ልብ ይበሉ፤ በ1850 ቃሉ ስድብ ብቻ አልነበረም። «ጥሩ ስዎት» ማለት ሙገሳ ነው። እንዴት ተበላሸ?

እኔ እንደማየው መልሱ ያለው በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ጦር አሠራር ውስጥ ነው። እስከ 1871 ድረስ በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር መኮንን ለመሆን ዋናው መንገድ ገንዘብ ነበር። ማዕረግ ይሸጣል፣ ይገዛል። አባቱ ሀብታም የሆነ ልጅ ዝቅተኛውን የመኮንን ማዕረግ ገዝቶ ይገባል፤ ቆይቶ ያንን ሸጦ ቀጣዩን ይገዛል። ሒሳብ የግድ የሚሆንበት መድፈኛውና መሐንዲሱ ብቻ ነበር፤ መድፍ በገንዘብ አያነጣጥርማ። እንግዲህ ያስቡት። አንዱ የአባቱን ገንዘብ ይዞ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ሌላው በሻማ ብርሃን ጎንበስ ብሎ ያሰላል። የሚያልበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ላብ የድሃ ምልክት ሆነ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሕንድ አስተዳደር ሥራ በውድድር ፈተና ሆነ፤ ሌላውም የመንግሥት ሥራ ቀስ በቀስ ተከተለ። በ1871 የማዕረግ ሽያጭ ቀረ። ገንዘብ ያለውም የሌለውም መፈተን ግድ ሆነበት። ለፈተና ብቻ የሚያዘጋጁ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ «ክራመር» ይሏቸዋል፤ እኛ ማሸምደጃ እንላቸው ይሆናል። ዊንስተን ቸርችል ሳንድኸርስት ለመግባት ሁለት ጊዜ ወድቆ በ1893 በሦስተኛው ያለፈው እንዲህ ባለ ቤት ተሸምድዶ ነው። ስዎት የሚለው ቃልም ከጦር ሰፈር ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጨ። መጀመሪያ ሒሳብ ነበር፤ አሁን ጥናት በሙሉ ሆነ፤ ከዚያም የሚያጠናው ልጅ ራሱ ስዎት ተባለ።

ሁሉም መፈተኑ ግን የድሮውን ንቀት አላጠፋውም። እንዲያውም ቅርጹን ለወጠው እንጂ። የታላላቅ ቤተሰብ ልጅ ማጥናት ካለበት ተደብቆ ያጠናል፤ ሲያልፍ ደግሞ ያለ ድካም እንዳለፈ ያስመስላል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አስኩዊዝ ስለተማሩበት ኮሌጅ፣ ስለ ኦክስፎርዱ ቤልየል፣ ተናገሩት የሚባል ታዋቂ አባባል አለ፤ የኮሌጁ ሰዎች መለያ ያለ ልፋት መብለጥን ተረጋግቶ በራስ ማወቅ ነው የሚል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ነውሩ ማወቅ አይደለም። ነውሩ ላብ መታየቱ ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ለመዋጥ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ላብ ክብር ነው። በላቡ ያደረ ሰው ምስጉን ነው። «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ተብሎ ያደገ ሕዝብ ልጁ ስላላበው ለምን እንደሚሰደብ ቢጨንቀው አይፈረድበትም። እርስዎም ግራ የተጋቡት ለዚህ ይመስለኛል።

ቃሉ ዛሬም ምን ያህል እንደሚናደፍ ማየት ከፈለጉ ወደ 2019 ይምጡ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በነሐሴ ወር ለቀረበላቸው ሰነድ በእጃቸው የመልስ ማስታወሻ ጽፈው ነበር። የመስከረሙ የፓርላማ ስብሰባ የ«ገርሊ ስዎት» ካሜሩን ፈጠራ ነው የሚል። ዴቪድ ካሜሩን የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ወደኛ ስናመጣው «ሴታሴት ቀለሜ» እንደማለት ነው። ሰነዱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያቺ ቃል በጥቁር ተሸፍና ነበር፤ ቆይታ አፈትልካ ወጣች። ሁለቱም ሰዎች ኢተን በሚባለው የታላላቅ ቤተሰብ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ሁለቱም ኦክስፎርድ ገብተዋል። በመጀመሪያ ማዕረግ የተመረቁት ካሜሩን ናቸው። ጆንሰን አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ነው የወጡት፤ ያውም ከዚያው ከቤልየል። ስድቡ ከየት እንደመጣ እርስዎ ይገምቱ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሰነዱ የሚያወራው ፓርላማውን ለሳምንታት ስለመዝጋት ነበር። መስከረም 24 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሥራ አንድ ዳኞች ሙሉ ድምፅ መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን ያነበቡት የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሌዲ ሄል ናቸው። ብዙ ሳይቆዩ ባደረጉት ንግግር «ለገርሊ ስዎቶች እናጨብጭብ» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ስድብን ነጥቆ ማዕረግ ማድረግ ይሏል ይሄ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎና ወደ አስተማሪዋ። ሁለቱ የሰሟቸው ነገሮች አይጋጩም። ስዎት ስም ሲሆንና ግስ ሲሆን ጠባዩ ይለያያል። «አንተ ስዎት ነህ» ሲባል ይናደፋል፤ ከመጽሐፍ ሌላ የማያውቅ፣ ለአስተማሪ የሚያጎበድድ፣ ጨዋታ የማይሆንለት የሚል ነገር አለበት። «ስዎት አፕ» ሲባል ግን ምንም ክፋት የለውም። እየዘነጉት የነበረውን ነገር ቶሎ ከልሰህ ያዝ ማለት ነው። ሥራ ቀጠሮ ያለው ሰው ስለ ድርጅቱ «ስዎት አፕ» ያደርጋል። መንጃ ፈቃድ ሊፈተን የተቃረበ የመንገድ ምልክቶችን «ስዎት አፕ» ያደርጋል። አስተማሪዋ የጻፈችልዎት ይህንኑ ነው። ልጅዎን አልሰደበችም፤ ምክር ነው።

በአማርኛ አቻው ምንድን ነው ለሚሉ፣ ስሙን «ቀለሜ» ብለው ይተርጉሙት። ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ቀለሜም እንደ አባባሉ ነው፤ ቅናትም ፌዝም አድናቆትም ያዝላል። ልዩነቱ የእኛ ቀለሜ አድናቆቱ ይበዛል፤ በፈተና ሰሞን ሁሉም ጎኑ መቀመጥ ይፈልጋል። ግሱን «ጠንክሮ ማጥናት» ማለት ይበቃል። «መሸምደድ» ብለው ግን አይተርጉሙት። ሸምዳጅ ሳይገባው በቃሉ የሚወጣ ነው። ስዎት ገብቶትም ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ መልፋቱ ብቻ ነው።

ዕድሜውንም ይወቁት። ስዎት በዛሬ ልጆች አፍ ትንሽ የአያት ቃል ነው፤ የአዳሪ ትምህርት ቤት ሽታ አለው። የ12 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ነርድ»፣ «ቦፊን» ወይም የለንደን ልጆች ነርድንና ጊክን አዳቅለው የሠሩትን «ኒክ» ነው። የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች ሞቶ ተነሥቶ የሚጫወተውን፣ ለመዝናናት ሳይሆን ለማሸነፍ ብቻ የሚታገለውን «ስዌት» ወይም «ስዌቲ» ይሉታል። ላብተኛ። ሳንድኸርስት የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ልጆች እዚያው ደረሱ። ልጅዎ ጨዋታ የሚወድ ከሆነ ይጠይቁት፤ ያለ መዝገበ ቃላት ይገባዋል።

ትምህርት ቤት ልሂድ ወይ ላሉት፣ በአንድ ቃል ብቻ አይሂዱ። ስዎት ዘርን፣ ቀለምን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ቃል አይደለም። ጓደኛሞች በሳቅ መካከል የሚጣጣሉት ቃል ነው፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ሁሉ ይቀምሰዋል። እናት ሮጣ ብትደርስ ፌዙ ሊብስበት ይችላል። መጀመሪያ ልጁን ቃሉን ሳይሆን ሁኔታውን ይጠይቁት። ማን አለህ? ሲሉህ አንተ ምን አልክ? ከዚያ በኋላ አብረውህ ተጫወቱ ወይስ ተዉህ? ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው? አንድ ልጅ አንዴ ተናግሮ አብረው ኳስ ከተጫወቱ ነገሩ አልፏል።

ይሁን እንጂ በየቀኑ ከሆነ፣ አንድ ቡድን ተሰብስቦ ከሆነ፣ ከዕቃ መቀማት ወይም ከማግለል ጋር ከመጣ ወይም ሆን ብሎ እጁን ማውጣት ከተወ ያኔ ጉዳዩ የቃል ጉዳይ አይደለም። ከስዎት ጎን ስለ ቀለሙ ወይም ስለ አገሩ ሌላ ቃል ከተጨመረም እንዲሁ። እንግሊዝ ውስጥ በ2006 የወጣው የትምህርት ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማንኛውንም ዓይነት ማንገላታት የሚከላከሉበት ደንብ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። የትምህርት ቤቱን ደንብ ይጠይቁ፣ ቀንና የተባለውን ነገር ጽፈው ይያዙ፣ መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቁ። በቃል ብቻ ተናግረው አይመለሱ።

ልጁን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ ጥናቱን እንዳይደብቅ። እጁን ማውጣት ያቆመ ልጅ ለመመለስ ያስቸግራል። ለሚሉት ልጆች «አዎ ነኝ፤ የሒሳቡን የቤት ሥራ ላሳይህ?» የሚል መልስ ያስተምሩት። ይህ ከቁጣም ከዝምታም ይሻላል። ሌዲ ሄል ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

እርስዎ ራስዎ ቃሉን መቼ ይጠቀሙበት? ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ «ስዎት አፕ» ማለት ይችላሉ። በማመልከቻ፣ በአይኤልትስ ፈተና ጽሑፍ ወይም ለአለቃ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ግን አያስገቡት፤ የጨዋታ እንጂ የመደበኛ ጽሑፍ ቃል አይደለም። ማንንም ሰው ስዎት ብለው አይጥሩ፤ ለማመስገን ፈልገው እንኳ ቢሆን። ለአስተማሪዋ መልስ ሲጽፉ «ሪቫይዝ እያደረገ ነው» ቢሏት ይበቃል። እንግሊዞች ለፈተና መከለስን የሚሉት እንደዚያ ነው። ወንድምዎ ግን ይህንንም ሌላ ነገር ነው ሊልዎት ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ ሪቫይዝ ማድረግ የተጻፈን ነገር አርሞ ማስተካከል ነውና። በዚህ ጉዳይ የበርሚንግሃሙን ይስሙ።